ጭራ ያልነበረው ቀስት

ሰውየው ወሬ ያውቅበታል። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ አገሩ፣ በገዛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ በወጣትነቱ ስለኖረባት ስለዚያች አገር ሲያወራ፣ ልጆቹ እግራቸው ሳይረግጣት ተወልደው ያደጉባት ያህል አወቋት። የተከራየበት ቤት ደረጃ አሥራ ሰባት መሆኑን፣ ዘጠነኛው ሲረገጥ እንደሚያቃስት፣ አከራይቱ ሴትዮ ቁልፎቻቸውን ሁሉ አንገታቸው ላይ ስለሚያንጠለጥሉ ከእሳቸው በፊት የቁልፉ ድምፅ ይመጣ እንደነበር፣ ሁሉን ያውቃሉ። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "አንተ እኔን ያገባኸኝ ያቺ አገር አላገባህም ብላህ ነው" ትለው ነበር። እሱም አይክድም፤ ይስቃል።

ከወሬዎቹ ሁሉ ቤተሰቡ አብልጦ የሚወደው ግን የመጋረጃውን ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር "አባዬ፣ የግልብጧን ንገራቸው" ይሉታል። እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ ይጀምራል። "እሠራበት በነበረው ስፌት ቤት አንዲት ልጅ ነበረች። ጎበዝ ነበረች። ታዲያ አንድ ቀን ልቧ የት እንደሄደ እንጃ፣ ከቲያትር ቤቱ የከፋይ መጋረጃ አንዱን ቁራጭ ላዩን ታች፣ ታቹን ላይ አድርጋ ምልክት አደረገችበት። መብራቱ ቦግ ሲል ሰባቱ ቁራጭ ቀይ፣ ስምንተኛው ጥቁር! የከተማው ትልልቅ ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ግልብጧ ሆኖ ቀረ።" ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እንግዳው ዓይኑን ይጠርጋል፤ ሽማግሌው የቀዘቀዘ ሻዩን ፉት ይላል።

ወሬው ያምራል። እውነት አለመሆኑን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሰባ አንድ ዓመት ሲሞላው ሴት ልጁ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጣ ሰጠችው። "ሂድና ያቺን አገርህን እያት፤ እኛም እንረፍ" አለችው። በር ላይ ስትሸኘው ደግሞ አቅፋ ሳመችውና፣ "ግልብጧን ካገኘሃት ሳምልኝ እሺ? በእሷ ስንት ዓመት ስቀናል" አለችው። "እሺ" አለ። ሻንጣው ከባድ አልነበረም፤ ቢሆንም ከዚያች ቃል በኋላ እስከ መኪናው ድረስ ሦስት ጊዜ መሬት አስቀመጠው።

እንደ ደረሰ መጀመሪያ የሄደው ወደ ድሮ ቤቱ ነበር። ቁልቁለቱ መንገድ አለ። ከጥግ ያለው ዳቦ ቤት አለ፤ ሽታውም እንኳ አልተለወጠም። እንዲህ ያለ ቦታ ቆሞ ማልቀስ ያምረው ነበር፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኖ ያሰበውም ይህንኑ ነው። ቤቱ ገብቶ ደረጃውን ቆጠረ። አሥራ ስድስት ነው። ወርዶ እንደገና ቆጠረ። አሁንም አሥራ ስድስት። አርባ ሁለት ዓመት አሥራ ሰባት እያለ ሲምል የኖረ ሰው፣ ማንም እንዳላየው ዞር ዞር ብሎ አይቶ ወጣ።

ከዚያ ስፌት ቤቱን ፈለገ። ፍራሽ መሸጫ ሆኗል። መስኮቶቹ ግን እነዚያው ረጃጅም መስኮቶች ናቸው፤ ስለዚህ የመቁረጫው ጠረጴዛ የት እንደነበር ለማወቅ አልተቸገረም። ከሦስተኛው መስኮት ሥር። ቦታው ላይ ባለ አበባ ፍራሽ ተዘርግቷል። ሻጯ ወጣት ሴት ፈገግ ብላ መጣችና፣ "አባባ፣ አይፍሩ፣ ጋደም ብለው ይሞክሩት" አለችው። ተኝቶ የሚሞክረው ቦታ ቢኖር እንኳ ይህ አልነበረም። ጫፉ ላይ ቁጭ አለ። እጅጌውን አየ። የዛሬው ኮት እጅጌ ሌላ ነው፤ ሽማግሌው ግን የዚያን ቀኑን እጅጌ፣ በምራቅ የራሰውን፣ ነበር የሚያየው።

ከፋይ ጨርቅ ፀጉር አለው። ወደ ታች ሲዳብሱት ይተኛል፣ ወደ ላይ ሲዳብሱት ይቆማል፤ በመብራት ሲታይ አንዱ ፈካ፣ ሌላው ጠቆር ይላል። ስለዚህ ስምንት ቁራጭ ጎን ለጎን የሚሰፋ ከሆነ የስምንቱም ፀጉር ወደ አንድ ወገን መተኛት አለበት። በስፌት ቤቱ ውስጥ ይህን የማትስት እጅ የነበራት ያቺ ልጅ ናት። ጨርቁን በመዳፏ ዳበስ ታደርግና፣ ባለቀ ሳሙና ስንጣሪ፣ በጀርባው በኩል ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ታደርግበታለች። ግራኝ ስለሆነች የቀስቷ ጭራ ሁልጊዜ ወደ ግራ ቆልመም ይላል። እሱ ደግሞ ቀስቱን አይቶ፣ የንድፉን ወረቀት ያነጥፍና ይቆርጣል። ፈጣኑ ነበር ስሙ። ጨርቅ ሲቆርጥ መቀሱ ሲንሸራተት እንጂ ሲከፈትና ሲዘጋ አይሰማም ይባልለት ነበር፤ ይህንንም ሲባል ደስ ይለው ነበር።

የመጋረጃው ግርጌ ሞገድ ሞገድ ተደርጎ ስለሚቆረጥ፣ አንዴ መቀስ ከገባበት ላይና ታቹ አይቀየርም። ሰባቱ በሰላም አለቁ። ስምንተኛው ላይ ልጅቱ ክር ለማምጣት ወደ መጋዘን ወረደች። ፈጣኑ ጠረጴዛውን ዞሮ ላለመሄድ፣ አሥር እርምጃ ለመቆጠብ፣ ወረቀቱን ገልብጦ አነጠፈና ቆረጠው። ጨርሶ ቀና ሲል ቀስቷን አያት። ወደ ግርጌው ታመለክታለች። ላብ አጠመቀው። ትርፍ ጨርቅ የለም፤ ኃላፊው በኮሪደሩ እያፏጨ እየመጣ ነው። እጅጌውን በምራቁ አርሶ የእሷን ቀስት አጠፋ። ሳሙናውን አንስቶ በተቃራኒው ሌላ ቀስት አደረገ፤ ጭራ የሌለው፣ ደረቅ ያለ ቀስት። ይህ ሁሉ አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀበትም።

በዚያች ደቂቃ እሷን ለመጉዳት አላሰበም። ይህን ለራሱ ሺህ ጊዜ ነግሮታል፤ እውነትም ነው። ለእሷ ግን የጠቀማት ነገር የለም።

መጋረጃው በመብራት ተጋለጠ። በማግስቱ ጠዋት ኃላፊው መሰላል ወጥቶ ከጀርባው አየና ወደ ስፌት ቤቱ መጣ። "ቆራጩ በቀስቱ መሠረት ነው የቆረጠው" አለ። "ቀስቱን ማን አደረገው?"

"እኔ" አለች ልጅቱ። ፊቷ አመድ መሰለ። "ግን አንዴ ወጥቼ ልየው። አንዴ ብቻ።"

ብታየው ጭራ እንደሌለው ታያለች። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም አፉን ከፈተ። "አሁን ምን ዋጋ አለው? ተሰቅሏል እኮ" አለ።

ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ። "በግራኝ እጅ ላይ እምነት መጣሌ! አንቺ ግልብጥ!" አለ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። በሚቀጥለው ወር መቀስ ልትይዝ፣ በዚያ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ቆራጭ ልትሆን የነበረች ልጅ ዕቃዋን በካርቶን ሰብስባ ወጣች። ፈጣኑ ካርቶኑን ተሸክሞ እስከ በሩ ሸኛት። ሦስት ወር ሳይሞላው እሱም ወደ አገሩ ገባ፤ ስፌት ቤት ከፈተ፣ በሩ ላይም በትልቁ "ፈጣኑ" ብሎ አስጻፈ።

"አባባ፣ ተመቸዎት?" አለች ፍራሽ ሻጯ።

"አልተመቸኝም ልጄ" አለና ተነሣ።

እንደሚያስታውሰው የልጅቱ ቤት ከስፌት ቤቱ ጀርባ፣ በደረጃ በሚወረድበት ጠባብ መንገድ ላይ ነበር። ወረደ። አንድ ፀጉር ቤት ክፍት ሆኖ አገኘ። ፀጉር ቆራጩ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ሆዱ ከመቀሱ ቀድሞ ደንበኛው ዘንድ የሚደርስ ሰው ነው። ወንበሩ ላይ ግማሽ ፊታቸው በአረፋ የተሸፈነ ጡረታ የወጡ ሾፌር ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ሰላምታ ሰጥቶ የልጅቱን ስም ጠራ። የአባቷንም ጨመረ።

ፀጉር ቆራጩ ሾፌሩን አየ። ሾፌሩ በመስታወቱ ውስጥ መልሰው አዩት። "እንዲህ የምትባል ሰው እዚህ ሰፈር የለችም" አለ ፀጉር ቆራጩ።

"ልብስ ሰፊ ነበረች። ረዘም ያለች፣ በግራ እጇ የምትሠራ።"

"እንዴ! ግልብጧን ነው እንዴ የሚሉት!" ብሎ ፀጉር ቆራጩ ጭኑን መታ። "ታዲያ እንደዚያ አይሉም! ሦስተኛው በር ናት፤ ዛሬ ግን ልጇ ዘንድ ሄዳለች፤ ነገ ጠዋት ያገኟታል።"

ሽማግሌው ደነገጠ። ያ ስም በእሱ ቤት ውስጥ፣ በእሱ ወሬ ውስጥ ብቻ በሕይወት የቀረ ይመስለው ነበር። "አሁንም እንዲህ ነው የምትባለው?"

"ስሟ ነው እኮ! ልጆቿም የግልብጧ ልጆች ናቸው፣ የልጅ ልጆቿም የግልብጧ። እኔ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ግልብጧ ናት።"

"ለምን ተባለች?"

"እሱን እንጃ። በግራ እጇ ስለምትሠራ መሰለኝ።"

"ምን ታውቃለህ አንተ!" አሉ ሾፌሩ፣ አረፋው ከንፈራቸው ውስጥ እየገባ። "ልጅ ሆና ጀልባ ተገልብጦባት ነው። አባቴ ናቸው የነገሩኝ።"

"የምን ጀልባ! ሴትዮዋ ውሃ ትፈራለች!"

"ለዚያ ነዋ የምትፈራው!"

ሁለቱ ሲከራከሩ ሽማግሌው አመስግኖ ወጣ። ያረፈበት ክፍል ሲደርስ ስልኩ ጮኸ፤ ልጁ ናት። "አባዬ! አገሩ እንዴት ነው? ግልብጧን አገኘሃት?" አለችው እየሳቀች። "ነገ" አላትና ሌላ ወሬ አመጣ።

በማግስቱ ጠዋት አልጋው ላይ ተቀምጦ የኮቱን ገበር በምላጭ ተረተረ። ሐምሳ ዓመት ሲሰፋ የኖረ ሰው፣ ደህናውን ኮት አበላሽቶ ለጥገና ሊወስድ ነው። ባዶ እጁን በሯ ላይ ቆሞ "ያጠፋሁሽ እኔ ነኝ" ለማለት ድፍረቱ ስለሌለው፣ ቢያንስ ለመግቢያ የሚሆን ነገር ይዞ መሄድ ፈለገ።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ አንድ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ በክር የታሠሩ ሱሪዎችና ዚፕ የሚጠብቁ ቦርሳዎች። በሩ ላይ በካርቶን ተጽፏል፦ "ጥገና ብቻ። አዲስ ጨርቅ አልቆርጥም።" ሽማግሌው ይህን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ደህና አደሩ፤ ይግቡ" አለችው ሴትዮዋ ከመኪናው ቀና ሳትል። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። ግራ እጇ ግን ያው ግራ እጇ ነው፤ ጨርቁን ሲመራ አየው።

"ገበሩ ተቀዶብኝ ነበር" አለና ኮቱን ሰጣት።

መነጽሯን አድርጋ ገለበጠችው። በአውራ ጣቷ ስፌቱን ተከትላ ከላይ እስከ ታች ሄደች። "ይሄ አልተቀደደም" አለች።

"እ?"

"ጨርቅ ሲቀደድ ጫፉ ይተለተላል። ይሄ በምላጭ፣ አንድ ባንድ የተተረተረ ነው። ደግሞ የተረተረው ሰው ሥራውን ያውቃል፤ ክሩን እንጂ ጨርቁን አልነካም።" ቀና ብላ አየችው። "ሰፊ ነዎት እንዴ? ምን ነክቶዎት ነው የደህና ኮት ገበር ተርትረው የመጡት?"

ሽማግሌው፣ "ከላይ ከነበረው ስፌት ቤት... ቆራጭ ነበርኩ" አለ።

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። ፊቷ በአንድ ጊዜ በራ። "ፈጣኑ!" አለች። "አንተ! ፈጣኑ ነህ እንዴ? አላረጀህም ልልህ ነበር፤ ግን ምን ያስዋሸኛል፣ አርጅተሃል!" ተነሥታ አቀፈችው። በወንበር ላይ የተከመረውን ሱሪ ሁሉ ጠራርጋ አልጋ ላይ ወርውራ አስቀመጠችው። ሻይ አፈላች። ባሏ መሞቱን፣ ሦስት ልጆች ማሳደጓን፣ ወገቧን እንደሚያማት፣ አንዱንም ሳታስቀር ነገረችው። እሱም የሚስቱን ነገራት። እንዲህ ተጫውተው ቢለያዩ ምን ነበረበት? እንዲህ አሰበ፤ ማሰቡንም አልካደም።

"እኔ እኮ ሁልጊዜ አነሣሃለሁ" አለች ሴትዮዋ። "ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ። ያን ቀን ያ ሁሉ ሰው ሲስቅብኝ፣ ካርቶኔን ተሸክሞ እስከ በሩ የሸኘኝ አንድ ሰው ነበር ብዬ። ሰው ማለት እንዲህ ነው እያልኩ ነው ያሳደግኳቸው።"

ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀመጠ። እሷ በቤቷ እሱን የሰው ምሳሌ አድርጋ ስትነግር፣ እሱ በቤቱ እሷን ማሳቂያ አድርጎ ሲነግር ነው አርባ ሁለት ዓመት የሄደው። መሬት ብትውጠው በወደደ።

"ቀስቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አለ።

"የምን ቀስት?"

ነገራት። ክሩን፣ መጋዘኑን፣ አሥሩን እርምጃ፣ ወረቀቱን፣ ምራቁን፣ እጅጌውን። አላሳመረም። ወሬ የሚያውቅበት ሰው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እየተደናቀፈ አወራ። "በቤቴም ለልጆቼ አንቺ ያጠፋሽ አድርጌ ነው የነገርኳቸው" አለ። "እንግዳ ሲመጣም።"

"ይስቃሉ?"

"ይስቃሉ።"

"ድሮም ወሬ ታውቅበት ነበር" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ገና አልደረሰም። እግሯን የመኪናው መርገጫ ላይ አደረገች። "ያንተ ቀስት ጭራ ነበረው?"

"አልነበረውም።"

"ባየው አውቀው ነበር።"

"ታውቂው ነበር።"

"አንዴ ልየው ብዬ ለምኜ ነበር። አሁን ምን ዋጋ አለው ብሎ ያስቀረኝ ኃላፊው ይመስለኝ ነበር።"

"እኔ ነኝ" አለ።

ግራ እጇን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። እንደ ሰው ዕቃ ገልብጣ ገልብጣ አየችው። "ተሳስቶ አልነበረም ማለት ነው" አለች።

"አልተሳሳተም።"

"አንዴም?"

"አንዴም አልተሳሳተም።"

"እኔ እኮ እጄን ነው የከሰስኩት" አለች። "ሌላ ቦታ ሥራ ሳገኝ፣ አዲስ ጨርቅ ፊቴ ሲዘረጋ ይሄ እጅ ይንቀጠቀጥብኛል። መቶ ጊዜ ዳብሼ መቶ ጊዜ አላምነውም። ተውኩት። የሰው ሱሪ ማሳጠር፣ የሰው ዚፕ መቀየር ሆነ ሥራዬ። ልጄ ስትዳር ቀሚሷን ሌላ ሰው ነው የቆረጠላት። እናቷ ልብስ ሰፊ ሆና! እኔ ቁልፍ ነው የተከልኩላት።" እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። "ቁልፍ!"

ሽማግሌው አለቀሰ። "ይቅር በይኝ" አለ።

"ቆይ!" አለች እጇን አንሥታ። "እሱንም አታስቸኩለኝ። ፈጣኑ ነህና ሁሉን ነገር በአንድ ቀን ጨርሰህ መሄድ ትፈልጋለህ።"

ኮቱን አንሥታ ገበሩን ትሰፋ ጀመር። እሱም መሄድም መቀመጥም አቅቶት ወንበሩ ጫፍ ላይ ቀረ። መርፌዋ ሲገባና ሲወጣ ያያል። ስፌቷ ከፋብሪካው ስፌት ይበልጥ ቀጥ ያለ ነበር። ይህን ሊነግራት አስቦ፣ የማመስገን መብት የእሱ እንዳልሆነ ገብቶት ተወው። ክሩን በጥርሷ በጥሳ ኮቱን ጉልበቱ ላይ አኖረችለት።

"ለእኔ ነገርከኝ፤ ጥሩ" አለች። "ግን ግልብጧ ብዬ ራሴን የጠራሁት እኔ አይደለሁም። ሂድና ለሚጠሩኝ ንገራቸው። ፀጉር ቤቱ ከሰማ ሰፈሩ ሰማ ማለት ነው። እኔ በሬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ።"

ሽማግሌው ኮቱን ለብሶ ወጣ። ፀጉር ቤቱ አሥራ አምስት እርምጃ አይሆንም፤ እሱ ግን እንዲህ ረጅም መንገድ ሄዶ አያውቅም። ዛሬ ሾፌሩ ተላጭተው ጨርሰው ለጨዋታ ነው የተቀመጡት፤ ሌሎች ሁለት ሰዎችም ተራ ይጠብቃሉ። "አገኟት?" አለ ፀጉር ቆራጩ።

"አገኘኋት። ግልብጧ ለምን እንደተባለች ልነግራችሁ ነው የመጣሁት" አለ። በቆመበት ነገራቸው። አፉ ልማድ ሆኖበት "መብራቱ ቦግ ሲል" የምትለዋ ጋ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ሊያደርግ ቃጣው፤ ዋጣት። "ያጠፋሁት እኔ፣ ቀስቷንም ያጠፋሁት እኔ፣ እንዳታየው የከለከልኳት እኔ" አለ።

አንደኛው ወረፋ ጠባቂ ሳቀ። "ታዲያ ግልብጡ እርስዎ ነዎታ!"

"አዎ። እኔ ነኝ።"

"ጀልባውስ?" አሉ ሾፌሩ ቅር ብሏቸው።

"ጀልባ የለም።"

ቀጥሎ የልጇን የሠርግ ቀሚስ ነገራቸው። ያን ጊዜ የሚስቅ ጠፋ። ፀጉር ቆራጩ መቀሱን አስቀመጠ፤ ወደ በሩ ሄዶ ወደ ሦስተኛው በር አየና ተመለሰ። ዓይኑ ቀልቷል። "የእኔን የመጀመሪያ የሥራ ሽርጥ የጠገነችልኝ እሷ ናት" አለ። "ስንት ሺህ ጊዜ ጠርቻታለሁ በዚያ ስም! ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት እንዲህ ብሎ የሚጠራት ሰው ፀጉሩን ሌላ ቦታ ይቆረጥ። ማን ነበር ያሉኝ ስሟን?"

ሽማግሌው ነገረው። ፀጉር ቆራጩ ደገመው። ሾፌሩ ደገሙት፤ ወረፋ ጠባቂዎቹም አንድ በአንድ አሉት። አዲስ ጫማ እንደሚሞክር ሰው ነበር አባባላቸው።

ሲወጣ ሴትዮዋ በሯ ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀምጣለች፤ ጀርባዋን ወደ መንገዱ ሰጥታ፣ ከብርሃኑ ጋር ክር ወደ መርፌ ታስገባለች። ምን እንዳሰበች ከጀርባዋ መለየት አይቻልም። ሊያናግራት ፈልጎ ተወው። አታስቸኩለኝ ብላዋለች። አልፏት ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ከላይ ሲደርስ ግን እንዲህ ዝም ብሎ መሄዱ ከነከነው። ነገ ተመልሼ ልምጣ ወይስ አልምጣ ብሎ ሊጠይቃት፣ ቢያንስ እጁን ሊያወዛውዝላት ዘወር አለ።

ስሟን ጠራ። እናቷ ያወጡላትን ስም፣ ድሮ በጠረጴዛው ማዶና ማዶ ሆነው የሚጠራትን ስም፣ ጥርት አድርጎ ጠራት።

ሴትዮዋ አልዞረችም። ክሩን በከንፈሯ አርሳ እንደገና ሞከረች።

አልሰማችኝም ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመ። የአንድ ቤት መስኮት ተከፈተ፤ አንዲት ሴት ማን እንደሚጠራ አይታ ዘጋችው። ሴትዮዋ ከነመርፌዋ እንዳቀረቀረች ናት። ተቆጥታ ነው አለ በልቡ። ብትቆጣ አይፈርድባትም፤ ደግሞ መቆጣቷ ቀለል አደረገለት።

ፀጉር ቆራጩ ጩኸቱን ሰምቶ በበሩ ብቅ አለ። ሽማግሌውን ከላይ አየው፣ ሴትዮዋን ከታች አያት። ሊረዳ ብሎ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣

"ግልብጧ! ሰውየው ይጠሩሻል እኮ!" አለ።

"አቤት!" አለችና ዞረች።